የላንጋኖ ተጓዦችን ለመሸኘት

ግንቦት ሊያልቅ ሲል አሳላፊው ጠየቃት። ስንዱ የልጇን ካልሲዎች ጥንድ ጥንዱን እያገናኘች ነበር።

አሳላፊ የሚሉት በየቤቱ ጣሪያ ሥር የሚናገረውን ድምፅ ነው። ምግቡን በግድግዳው መስኮት የሚያቀብል፣ አሳንሰሩን የሚጠራ፣ ልጁን የሚያስተምር፣ የመድኃኒት ሰዓት የሚያስታውስ እሱ ነው። ስሙን ማን እንዳወጣለት የሚያውቅ የለም። በድሮ ድግስ አሳላፊ ማለት «ጠግቤያለሁ» ያለውን እንግዳ ቆሞ የሚለምን፣ የሚለማመጥ፣ ካልሆነም ሳህኑ ላይ በግድ የሚጨምር ሰው ነበር ይባላል። የዛሬው ግን ሁለተኛ አይጠይቅም። ለነገሩ ጨዋ ነው፤ ሰው ያለውን ያምናል።

«ወይዘሮ ስንዱ፣ የዘንድሮው የቤተሰብ የክረምት ካምፕ እንደተለመደው ላንጋኖ ላይ ይሆናል። መሄድ ይፈልጋሉ?» አላት።

ዓመቱን ሙሉ የጠበቀችው ጥያቄ ነበር። ልቧ ዘለለ። አፏ ግን ቀደማትና፣ «ኧረ እኛ እንኳ አምና ሄደናል፤ ዘንድሮ ይቅርብንና ላልደረሰው ይድረሰው» አለች።

አለችና ጠበቀች። በወግ ያደገ ሰው የመጀመሪያውን ግብዣ አፈፍ አያደርግም። እናቷ ሰው ቤት ይዛት ስትሄድ ደጅ ላይ ቆንጠጥ አድርጋ የምታስጠነቅቃት ይህንኑ ነበር፤ ሲሰጡሽ «በላሁ» በዪ፣ ሲደግሙሽ «እግዜር ይስጥልኝ» በዪ፣ በሞቴ ካሉሽ ግን ብዪ፣ ያኔ እምቢ ካልሽ ኩራት ይሆናል። ስንዱ አሁን የጠበቀችው ያንን «በሞቴ» ነበር። ቢያንስ ቢያንስ «እንዴት ይሆናል፣ ያለ እናንተማ አያምርም» እንዲላት።

«ተመዝግቧል። ስለ ለጋስነትዎ ከተማው ያመሰግንዎታል» አለ አሳላፊው። ቀጥሎ ነገ ከሰዓት በኋላ ዝናብ እንደሚኖር ነገራት።

ስንዱ አንድ እግር ካልሲ ይዛ ቀረች። ተሳስተሃል እንዳትለው አልተሳሳተም። ያለችውን ነው የሰማት።

በሕንፃው ውስጥ ስንት ሰው እንደሚኖር ከነዋሪዎቹ የሚያውቅ የለም። አሳንሰሩ በአንድ ጊዜ የሚያመላልሰው አንድ ቤተሰብ ነው፤ በሩም የሚከፈተው በየቤቱ ሳሎን ውስጥ ነው። ይህን በግድ ያመጣው ሰው የለም፤ ሕዝቡ ራሱ እየጠየቀ የመጣ ነው። በመጀመሪያ የጎረቤት ጫጫታ የመረራቸው ግድግዳው ይወፍርልን አሉ። ቀጥሎ አሳንሰር ውስጥ ከማያውቁት ሰው ጋር ጣሪያ ጣሪያ እያዩ መቆም የከበዳቸው ለየብቻችን ይሁን አሉ። ቀጥሎ የልጆች ጠብ የሰለቻቸው ወላጆች ልጃችን ከሚስማማት ልጅ ጋር ብቻ ትጫወት አሉ። የተጠየቀው ሁሉ ተሟላ። በመጨረሻ ሰው በገዛ ፈቃዱ ብቻውን ቀረና እንቅልፍ አጣ።

ከተማውን ያሳሰበው እንቅልፍ ማጣቱ ነበር። በየመስኮቱ የሚቀርበው የእንቅልፍ ኪኒን ከዳቦው ሊበልጥ ምንም አልቀረውም። ባለሙያዎች ሲመክሩ፣ ሲያጠኑ ከርመው ደረሱበት፤ ለሰዉ የጎደለው ጎረቤት ነው አሉ። ጎረቤት ደግሞ በመስኮት አይቀርብም። ስለዚህ በየክረምቱ የየሕንፃውን ቤተሰቦች በአውቶቡስ እየጫኑ ላንጋኖ ዳር ድንኳን ውስጥ ያሳድሯቸው ጀመር፤ አሳላፊ በሌለበት፣ ዝናብ በሚያበሰብስበት፣ ተጋግዘው ካላበሰሉ ጦማቸውን በሚያድሩበት ቦታ። ከዚያ የተመለሰ ሰው ለወራት ያለ ኪኒን ይተኛል አለ ጥናቱ። ልጆቹ አፋቸውን ይፈታሉ፣ ሽማግሌዎቹ መርሳት ይቀንሳሉ፣ ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር ይተዋወቃሉ። ይህን ሁሉ በአንድ ላይ «የማኅበረሰብ ጥቅም» ብለው ጠሩት። ስንዱ ቃሉ አይጥማትም። እሷ የምታውቀው ካምፑ እንደናፈቃት ብቻ ነው።

አምና በደረሱበት ቀን ማንም ማንንም ቀና ብሎ አላየም ነበር። ድንኳን መትከል የሚያውቅም አልነበረም። የመጀመሪያው ዶፍ ሲወርድ የነስንዱ ድንኳን ተደረመሰ፤ ስንዱም ልማድ ሆኖባት ወደ ሰማይ አንጋጥጣ፣ «እባክህ ዝናቡን አቁምልኝ» አለች። አንድ ወፍራም ሳቅ ከኋላዋ ሰማች። የሳቁባት ሴትዮ ጭቃውን እየረገጡ መጥተው እጇን ያዙ።

«ነይ ውጪ ከዚህ! ሰማይ የሚታዘዝሽ መስሎሽ ነው? ልጅሽን ይዘሽ እኛ ድንኳን ግቢ» አሏት። እትዬ አልጋነሽ ነበሩ፤ የሕንፃው ምድር ቤት ነዋሪ። ያን ዕለት ሽሮውን በእጃቸው እያጎረሱ፣ በሞቴ እያሉ፣ አፈር ስሆን እያሉ ሲያስጨንቋት ስንዱ ሽሮውን ከዕንባዋ ጋር ዋጠችው። እናቷ ከሞተች ወዲህ የለመናት ሰው አልነበረም።

በዚያው ድንኳን ጋሽ በልሁን አወቀች። የባቡር ነጂ የነበሩ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። በጨዋታ መሀል ቤታቸው የት እንደሆነ ሲናገሩ ክው አለች፤ ልክ ከእሷ በላይ ነው። ግድግዳው ወፈረ እንጂ ጣሪያውን ያስታወሰ የለም፤ ለዓመታት ጠዋት ጠዋት ስትሰማው የኖረችው፣ አንዱን እግር ጎተት የሚያደርገው ኮቴ የእሳቸው ነበር።

«አንቺ ነሽ እንዴ ከሥር የምታንጎራጉሪው?» አሏት እሳቸውም።

«ይሰማል እንዴ ጋሼ? አዋረዱኝ!»

«ምን ያሳፍራል? ዝም ያልሽ ቀን ነው የሚከፋኝ።»

ልጇ ፀዳለ ደግሞ ሂክመትን አገኘች። ሂክመት የረውዳ ልጅ ናት፤ ረውዳ ምላሰ ፈጣን፣ ሳቋ ቅርብ የሆነች እናት ናት። ልጆቹ በተገናኙ በማግስቱ በአንድ የድንኳን ገመድ ተጣሉ። እውነተኛ ጠብ ነበር፤ ፀጉር ተጎተተ፣ ክንድ ተነከሰ። ፀዳለ ከተወለደች ተጣልታ አታውቅም፤ አሳላፊው የሚያገናኛት ልጆች ሁሉ እሷ የወደደችውን የሚወዱ ናቸው። እያለቀሰች ወደ እናቷ ሮጠችና፣ «እማ፣ ተኳረፍን!» አለች። በዕንባዋ መሀል የኩራት ነገር ነበረባት። እትዬ አልጋነሽ ሁለቱንም አንድ ሳህን ላይ አስቀምጠው ሳይጎራረሱ ንቅንቅ እንደማይሉ ነገሯቸው። ከዚያ ወዲያ ካምፑ እስኪበተን የሚለያቸው አልተገኘም። ቡናማው ውኃ ውስጥ ተያይዘው ይገባሉ፣ ተያይዘው ይወጣሉ፣ ደግሞ ይጣላሉ፣ ደግሞ ይታረቃሉ። ፀዳለ ማታ ማታ የሆነውን ሁሉ ለእናቷ ስታወራላት ወሬው አፏ ላይ እያለ እንቅልፍ ይጥላት ነበር። ቤት ሳሉ አንድም ቀን እንዲህ አውርታላት አታውቅም።

ካምፑ ለትልልቆቹም ተርፏቸዋል። ጥቅምት ላይ አንድ ቀን ጠዋት ስንዱ ከላይ ኮቴ ሳትሰማ ቀረች። ከዚያ በፊት ቢሆን ልብም አትለውም። አሁን ግን ልቧ አላርፍ አላት። አሳላፊውን ላይ ቤት ያሉትን እይልኝ ብትለው «ነዋሪው እርዳታ አልጠየቁም» አላት። ጮኸች፣ ለፈለፈች፣ ታምሜያለሁ ብላ ሐኪም አስጠርታ ሐኪሙን ወደ ላይ ላከችው። ጋሽ በልሁ መታጠቢያ ቤት ወድቀው ተገኙ። ከሳምንታት በኋላ ያ የሚጎተት ኮቴ ሲመለስ ስንዱ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ሂክመት ግን እንደራቀች ቀረች። የምትኖረው ከፀዳለ መኝታ ቤት ግድግዳ ወዲያ ነው፤ ይህንንም ያወቁት ላንጋኖ ሄደው ነው። ፀዳለ እንደተመለሱ ሂክመት ቤት ውሰደኝ ብላ አሳላፊውን ጠየቀችው። የጠባቸው ወሬ ከካምፑ ኃላፊዎች ደርሶት ኖሮ ሁለቱ ልጆች አይስማሙም አለ፤ በምትኳ የሚስማሟትን ሌሎች ልጆች አቀረበላት። ፀዳለ ግድግዳውን በመዳፏ መታችው፤ ጆሮዋን ለጠፈችበት። ምንም አልተሰማም። እናትየው ስትሟገት፣ ስትለምን ከረመች፤ መልሱ አንድ ነው። ስለዚህ ፀዳለ ክረምትን መጠበቅ ጀመረች።

እንግዲህ ስንዱ «ይቅርብን» ብላ የሰጠችው ይህን ሁሉ ነው።

ለልጇ መንገር አቃታት። ሰኔ እስኪገባ ደበቀቻት። አንድ ቀን ግን ፀዳለ የዋና ልብሷን አውጥታ ለካችው፤ አጥሮባት ስትነጫነጭ ስንዱ መሸሸግ አልቻለችም።

«ፀዳዬ፣ ዘንድሮ አንሄድም» አለቻት።

«ለምን?»

«ሲጠይቀኝ ይቅርብን አልኩት።»

ፀዳለ ልብሱን እንደያዘች አየቻት። «መሄድ አልፈለግሽም ነበር?»

«እንዴት አልፈልግም!»

«ታዲያ ለምን ይቅርብን አልሽ?»

«እንደሱ ነው የሚባለው። መጀመሪያ ይቅርብን ይባላል፤ ከዚያ ይለምኑሻል፤ ከዚያ እሺ ትያለሽ።»

«ማነው የሚለምነው?»

ስንዱ ወደ ጣሪያው አየች። ልጅቷ በሕይወቷ አንድ ጊዜ ተጠይቃ አንድ ጊዜ ከመመለስ በቀር ሌላ የምታውቀው የለም።

«የሂክመት እናት ግን እሺ ሳትል አትቀርም» አለች ፀዳለ። «ሂክመት እዚያ ሌላ ልጅ ታገኛለች።» አላለቀሰችም። የዋና ልብሱን አጣጥፋ መለሰችና ግድግዳዋን ተደግፋ ተቀመጠች። ብታለቅስ ለስንዱ ይቀላት ነበር።

የዚያኑ ቀን ስንዱ ይሉኝታዋን ዋጥ አድርጋ፣ «ሐሳቤን ለውጫለሁ። መሄድ እንፈልጋለን» አለችው አሳላፊውን።

«ቦታዎ ለሌሎች ተላልፏል።»

«ልጄ ዓመቱን ሙሉ የጠበቀችው ነው። እባክህ።»

«ጥያቄዎ ተመልሷል። ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?»

«የለም፤ አመሰግናለሁ» አለች። አመሰግናለሁ በማለቷ ራሷን በጥፊ ልትል ቃጣት።

ሰኔ በዝናብ አለፈ። ስንዱ ስትተኛም ስትነሳም የሚታያት የሚሄዱት ሰዎች ነው። እትዬ አልጋነሽ ብረት ድስታቸውን ሲጠቀልሉ፣ ረውዳ የልጇን ጫማ ስትመርጥ፣ ጋሽ በልሁ የዝናብ ካፖርታቸውን ሲያራግፉ ይታዩዋታል። ቀናችባቸው። ቅናቷንም ጠላችው፤ ሰዎቹን ትወዳቸዋለች። የሚናፍቃት እኮ ሐይቁ አይደለም። አንድ ሰው በር ሳያንኳኳ ድንኳኗን ገልጦ «አለሽ ወይ?» እንዲላት ነው የምትፈልገው። ያልተጠራን ሰው አሳንሰሩ ሰው ቤት ስለማያደርስ «አለሽ ወይ» ብሏት የሚያውቅ ከዚያ ወዲህ የለም፤ አሳላፊው ደግሞ መኖሯን ስለሚያውቅ አይጠይቅም።

አውቶቡሶቹ ሁልጊዜ የሚነሱት በሐምሌ አቦ ማግስት ነው። ቀኑ ሲቀርብ ስንዱ አንድ ነገር ቆረጠች። ጎረቤት መንገድ ሲነሳ ቤት ቁጭ ማለት ነውር ነው። ባይሄዱም ይሸኛሉ። እግረ መንገዷን ፀዳለ ሂክመትን አውቶቡስ እስክትገባ ታያታለች፤ ደህና ሰንብቺ ትላታለች፤ እሱም እሱ ነው። አሳላፊውን የገብስ በሶ ዱቄትና ማር አስመጣችው። በሶ እሳት ስለማያስፈልገው ለምን ብሎ አልጠየቃትም። ከልጇ ጋር ጭብጦ ጭብጦ አድርገው አበጁት፤ ትልቁን ለሂክመት ፀዳለ ራሷ ለየችው።

በዕለቱ ጠዋት ስንዱ አሳንሰር ጠራች።

«የመውረድዎ ምክንያት?» አለ አሳላፊው።

«ሽኝት።»

«የሚጓዙት እርስዎ ነዎት?»

«አይደለሁም። ጎረቤቶቼ ናቸው።»

«እንግዲያው የእርስዎ መውረድ አያስፈልግም» አለ። በትሕትና ነው ያለው። አሳንሰሩ አልመጣም።

ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ለእሳት አደጋ ተብሎ የተሠራ የብረት በር አለ። ስንዱ ሞከረችው፤ ተከፈተ። የሚወጣበት ሰው ስለሌለ መቆለፉን ያሰበበት አልነበረም። ደረጃው በአቧራ ተሸፍኗል፤ የእግራቸው ፈለግ ይቀራል። ጥቂት እንደወረዱ ከላያቸው ኮቴ ሰሙ። አንዱ እግር ይጎተታል።

«ጋሽ በልሁ!» ብላ ፀዳለ ወደ ላይ ሮጠች።

ሽማግሌው የደረጃውን ብረት ይዘው ወረዱ። በብብታቸው የታሸገ ማሰሮ ይዘዋል። ስንዱን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«በጊዜ ደረስኩ! ሳልሸኛችሁ እንዳታመልጡኝ ብዬ ስንደፋደፍ።»

«ማንን ነው የሚሸኙት ጋሼ?»

«እናንተን ነዋ! ሻንጣችሁ ቀድሞ ወረደ እንዴ?»

«እኛ እንኳ ቀርተናል። እርስዎ አይደሉም እንዴ የሚሄዱት?»

«እኔማ ምን ልሁን ብዬ፣ ቦታው ለልጆች ይሁን አልኩት።» ትንሽ ፈገግ አሉ። «መቼም ይህ አመሌ ነው። መታጠቢያ ቤት ወድቄ ሳለሁም እርዳታ ይፈልጋሉ ወይ ሲለኝ፣ ኧረ ደህና ነኝ ነበር ያልኩት። አንቺ ባትኖሪ እዚያው ቀርቼ ነበር።»

ስንዱ ሳቀች፤ ሳቋ ግን አልገፋላትም። ክንዳቸውን ይዛ አብረው ወረዱ።

ግቢው ውስጥ ዝናብ ያካፋል። ሰው ሞልቷል፤ በየማዕዘኑ ካሉት የእሳት አደጋ ደረጃዎች ገና ይወርዳል። ስንዱ ይህን ያህል ሰው አንድ ላይ ያየችው አምና ነው፤ አብዛኞቹን አታውቃቸውም። ሁሉም የሆነ ነገር ይዟል። አንዱ ቋጠሮ፣ አንዱ ዘንቢል፣ አንዷ በፎጣ የተሸፈነ ሳህን። ሁሉም ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ አውቶቡሱን ይጠብቃል።

«ይኸው ተጓዦቹ መጡ!» የሚል ወፍራም ድምፅ ተሰማ። እትዬ አልጋነሽ ሰዉን በክንዳቸው እየከፈሉ መጥተው ስንዱን አንገቷን አቀፏት። ስንዱ ዓይኗን ጨፈነች። «ዳቦ ቆሎ ይዤላችኋለሁ፤ መንገድ ላይ ያዘናጋችኋል። ለመሆኑ ዕቃሽ የታል?»

«እትዬ፣ እኛ እኮ እርስዎን ልንሸኝ ነው የወረድነው።»

«እኔን? እኔ ቀርቻለሁ። አምና የጠገብኩ ሴትዮ ምን ስግብግብ አደረገኝ ብዬ...» አሉና ዞር ብለው አዩ። ረውዳ ሂክመትን በእጇ ይዛ ትመጣለች። በሌላው እጇ የያዘችው የቴምር ሣጥን ነው። ሻንጣ የላትም።

«ስንዱዬ! ፀዳለ የምትበላው ብዬ ነው፤ ሂክመት እንቅልፍ አጥታ ነው ያደረችው፣ ልሰናበታት ብላ» አለችና የሁለቱን ፊት አይታ ቆመች። «ምነው? ምን ሆናችሁ?»

«አንቺም ይቅርብን ብለሻል?» አለች ስንዱ።

ረውዳ አፏን በእጇ ያዘች።

ጋሽ በልሁ ወደ ሌሎቹ ዞሩ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «እናንተ ሰዎች፣ ከመሀላችሁ የሚሄደው ማነው?» አሉ። ሰዉ ተያየ። አንዱ ሌላውን አመለከተ፤ የተጠቆመው ራሱን ነቀነቀና ሌላ አመለከተ። እጅ እየዞረ እየዞረ ግቢውን ዳረሰና መልሶ እነስንዱ ዘንድ መጣ።

በግቢው በር ላይ ያለውን አሳላፊ የጠየቀችው ስንዱ ናት። «የላንጋኖው አውቶቡስ መቼ ይመጣል?»

«የዘንድሮው ካምፕ ፍላጎት ባለመኖሩ ተሰርዟል» አለ። «የዚህ ሕንፃ ነዋሪዎች ቦታቸውን በሙሉ ለሌሎች ሕንፃዎች ለግሰዋል።»

«የሌሎቹስ ሕንፃዎች?»

«እነሱም ለግሰዋል። ቦታው ከእንግዲህ ለሌላ አገልግሎት ይውላል። ስለ ለጋስነታችሁ ከተማው ያመሰግናችኋል።»

ሁሉም ባንድ ጊዜ ማስረዳት ጀመረ። እኔ እንኳ ለእናንተ ብዬ ነው፤ እኔ ልጆች ያሏቸው ይቅደሙ ብዬ ነው፤ እኔ ሲደግም እሺ እለዋለሁ ብዬ ነው፤ እኔማ ብቀርም ግድ የለኝም። እትዬ አልጋነሽ፣ «መቼም ለበጎ ነው፤ እዚያስ ቢሆን ጭቃ ነው ያለው» አሉ። አንድ ሁለት ሰው ሊያጽናናቸው ሳቀ። ሁሉም ደህና ነኝ ይላል።

ስንዱ ይህን መስማት አቃታት።

«እኔ ግን መሄድ ፈልጌ ነበር» አለች።

እንዲህ ያለ ነገር በሰው ፊት አይባልም።

«መሄድ ፈልጌ ነበር። በጣም ነው የፈለግኩት። ዓመቱን ሙሉ የጠበቅኩት እሱን ነው። ናፍቃችሁኛል፤ በቃ ናፍቃችሁኛል። የምን ለበጎ ነው፣ እትዬ? እርስዎ ናፍቀውኛል።» ድምፅዋ ተሰበረ፤ ልታቆመው ግን አልፈለገችም። «ሲጠይቀኝ አዎ ማለት ነበረብኝ። አዎ ማለት አቃተኝ።»

እትዬ አልጋነሽ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ረውዳ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ጋሽ በልሁ ማሰሯቸውን ደረጃው ላይ አስቀምጠው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ለቅሶ ቤት የገቡ ይመስል። «እኔም» አሉ ቀስ ብለው። «እኔም ፈልጌ ነበር።» ከኋላ የማይታወቅ ሰው «እኛም» አለ። ሌላው ደገመው። እንደዚያ እየተባለ ግቢው ዳር ደረሰ። ላንጋኖን ከእንግዲህ እንደማያዩት ሁሉም ገብቶታል።

ልጆቹ ብቻ ይህን አልሰሙም። ፀዳለና ሂክመት መጀመሪያ ቆመው ተያይተው ነበር።

«ረዝመሻል» አለች ሂክመት።

«አንቺም። ግን እኔ እበልጣለሁ።»

«አትበልጪም!»

ጀርባ ለጀርባ ገጥመው ተለካኩ። አንዷ ተረከዟን አነሳች፤ ሌላዋ አየቻት፤ ተገፋፉ፤ ኩሬው ውስጥ ቁጭ አሉ። ጩኸቱ ግቢውን አናጋው። ለሂክመት የተለየው ጭብጦ ከነማሩ ፀዳለ ፀጉር ላይ ተጣብቋል።

«ሁለቱ ልጆች አልተግባቡም» አለ አሳላፊው። «እንዲለያዩ ይፈልጋሉ?»

«አንፈልግም!» አሉ ስንዱና ረውዳ፣ እኩል።

አሳላፊው ተመዝግቧል ማለቱን እንኳ ረሳው፤ ወይም ዝናቡ ዋጠው። ስንቁ ተፈታ። ሸኚው ለሸኚው በሞቴ እያለ አጎረሰ፤ ጋሽ በልሁ ማሰሮውን ከፍተው ለማያውቋቸው ሰዎች ቀዱ፤ እትዬ አልጋነሽ ዳቦ ቆሏቸውን በእፍኝ እያነሱ በየኪሱ ከተቱ። ማንም ሰው ደስ ብሎታል ለማለት አይቻልም። ግን ወደ ቤት የሚል አልነበረም።

ዝናቡ ሲበረታ የሕንፃው በር ተከፈተ። ከውስጥ የአሳንሰሩ መብራት በራ።

«ነዋሪዎች ለጤናችሁ ሲባል ወደየቤታችሁ ግቡ» አለ አሳላፊው። «አሳንሰሩ አንድ ቤተሰብ ይጠብቃል። የመጀመሪያው ቤተሰብ ይግባ።»

ሰዉ ወደ በሩ ተጠጋ፤ ደፉ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይግቡ እንጂ ጋሽ በልሁ፤ ይበርድዎታል» አለ አንዱ።

«እንዴት ተደርጎ! ልጆች እያሉ? እነሱ ይቅደሙ።»

«እትዬ አልጋነሽ፣ እርስዎ ትልቅ ነዎት፣ ይለፉ።»

«አፈር ስሆን! እኔ ምድር ቤት ነኝ፤ ሩቅ ያለው ይግባ።»

«ኧረ እናንተ ቅደሙ።»

«በፍጹም! ከእናንተ በፊት?»

በሩ ጥቂት ጠብቆ ተዘጋ። ተመልሶ ተከፈተ። «የመጀመሪያው ቤተሰብ ይግባ» አለ አሳላፊው። ማንም አልገባም። በሩ ተዘጋ።

«ስንዱዬ፣ አንቺ ግቢ» አለች ረውዳ። ሁለቱም እስከ አጥንታቸው በስብሰዋል። «ልጅሽ ትታመማለች፤ ቅደሚ እንጂ፣ በሞቴ።»

ይህን እያለች የስንዱን እጅ ጭብጥ አድርጋ ይዛዋለች። አልለቀቀችውም።